ጌር ማለት ማን ነው?



ይህች በእጅ ተጽፋ ከእጅ ወደ እጅ የምትዞር መጽሔታችን እስከ ዛሬ ግጥም፣ ተረትና የአገር ቤት ትዝታ ስታቀርብላችሁ ኖራለች። በዚህ ዕትም ግን አንድ የኦሪት ቁጥር ይዘን መጥተናል። ስብከት አይደለም። የማክሰኞ ማታው የጥናት ክበባችን፣ እንደምታውቁት፣ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ሙስሊሙም፣ ከአንዱም ወገን አይደለሁም የሚለው ወንድማችንም በአንድ ሰሌን ላይ የሚቀመጡበት ነው፤ ስብከት ብናመጣ ሰሌኑ ይቀደድብናል። ቁጥሩን ያነሣነው ቃላቱን ለመመርመር ብቻ ነበር። ምርመራው ወዳላሰብነው ቦታ ወሰደን፤ የወሰደንንም ቦታ ሳንደብቅ እንጽፋለን።

ቁጥሩ በዘፀአት መጽሐፍ ምዕራፍ 23 ቁጥር 9 ላይ ይገኛል። ሕጉ ለእስራኤል ልጆች የሚነግራቸው በመካከላቸው የተቀመጠውን ባዕድ እንዳይበድሉ ነው። ምክንያት አድርጎ የሚያቀርበው የእግዚአብሔርን ቁጣ ወይም የአገሩን ሰላም ሳይሆን የሰሚዎቹን የገዛ ትዝታ ነው፤ ግብፅን። የባዕዱን ነፍስ ታውቋታላችሁ ይላቸዋል።

አንድ ማታ ከመካከላችን አንዱ ይህን አንብቦ «ይህ ቁጥር የኛ ጠበቃ ነው» አለ። ሁላችንም ደስ አለን። ለምን ደስ አይለንም? በየመዝገቡና በየካርዱ የምንጠራበትን ስም የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በክብር ይዞት አገኘነው፤ ስደተኛ ይላል። ለአገሬው ባለሥልጣን፣ እህል ለሚያድለው፣ ፎርም ለሚያስሞላን ሁሉ ልናነብለት የሚገባ ቁጥር መስሎን ነበር። ነገሩ እዚያው ላይ ባለቀ ነበር። ነገር ግን አንድ ጓደኛችን ከዩኒቨርሲቲ ዘመኑ ጀምሮ የማይለየው የዕብራይስጥ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አለው። ልብሱን ጥሎ እነዚህን ሁለት መጻሕፍት ይዞ ድንበር የተሻገረ ሰው ነውና፣ «እስቲ ስደተኛ የተባለው በዕብራይስጥ ምን እንደሆነ እንይ» ሲል እምቢ ማለት አልተቻለም።

ዕብራይስጡ «ጌር» ይላል። የወጣው «ጉር» ከሚለው ግስ ነው፤ ትርጉሙም የራስ ባልሆነ አገር መቀመጥ፣ ሰፍሮ መኖር ማለት ነው። እዚህ ላይ ቆም አልን። «ስደተኛ» የሚለው አማርኛችን ከ«ሰደደ» የመጣ ስለሆነ ሰውየውን የሚጠራው ባባረረው ነገር ነው። የዚህ አገር ሰዎች በዐረብኛ «ላጂእ» ይሉናል፤ መጠጊያ የሚሻ ማለት ነው። እንግሊዝኛው «ረፊዩጂ» የሚለውም ወደ መሸሻ መሮጥን የያዘ ቃል ነው። ሦስቱም ሰውየውን ገና በመንገድ ላይ እንዳለ ያዩታል፤ አንዱ ከኋላው ያለውን፣ ሁለቱ ከፊቱ ያለውን ይቆጥሩለታል። ጌር ግን የመንገድ ቃል አይደለም። ጌር የደረሰ ሰው ነው፤ ድንኳኑን የተከለ፣ ማታ እሳት የሚያነድ፣ ጭሱ ወደ ሌላው ቤት የሚገባ።

ይህን ስንባባል ልብስ ሰፊው ወንድማችን ከዳር ሆኖ፣ «በዐረብኛ ጃር ማለት ጎረቤት ነው፤ ዘመዱ አይሆንም ወይ?» ሲል ጠየቀ። የኔታ ቀና አሉ። «በግዕዝም ጎር ጎረቤት ነው» አሉ። «ተጋወረ ማለት ጎረቤት ሆነ ማለት ነው። የናንተ አማርኛ ቤት ጨመረበትና ጎረቤት አለው።» እውነትም የሴም ቋንቋዎችን እያነጻጸሩ የሚመረምሩ ሊቃውንት የዕብራይስጡን ጌር፣ የዐረብኛውን ጃርና የግዕዙን ጎር በአንድ ሥር ያስቀምጧቸዋል። በየቀኑ እሳት ለመጫር፣ ጨው ለመበደር ስንጠራው የኖርነው ቃል የኦሪቱ ባዕድ የሥጋ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ የተናገረ አልነበረም።

ተርጓሚዎቹ ከዚህ ቃል ጋር የታገሉበትን ታሪክ በአጭሩ እንለፍ፤ አንድ ነገር ግን ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። ኦሪትን ወደ ግሪክ የመለሱት አይሁድ ሥራውን የጀመሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ነው። እስክንድርያ ያለችው በግብፅ ነው። በግብፅ ባዕድ ነበራችሁ የሚለውን ሐሳብ በግብፅ ተቀምጠው፣ የግብፅን ውሃ እየጠጡ ተረጐሙት! መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ በመመለስ ቀዳሚ የሆነው ኢትዮጵያዊው አቡ ሩሚም ይህን ሥራ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ዐሥር ዓመት ያህል የደከመበት ካይሮ ተቀምጦ ነው፤ ሥራው ታትሞ ሳያይም ሞተ። ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክሮ ወደዚህ ቁጥር ሲደርስ ምን ተሰምቶት ይሆን እያልን ብዙ አወራን።

የግሪኩ ተርጓሚዎች ጌርን «ፕሮሴሊቶስ» አሉት፤ ወደዚህ የመጣ እንደ ማለት ነው። ላቲኑ በዚህች አንድ ቁጥር ውስጥ ሁለት ልዩ ልዩ ቃል ይጠቀማል። ከግሪኩ የተቀዳው ግዕዛችን «ግዩር» እና «ፈላሲ» የሚሉ ስሞች አሉት፤ ግዩር በአራማይስጥ በኩል የደረሰን የጌር ወንድም ነው፣ ፈላሲ ደግሞ ከፈለሰ የወጣ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እንደየቦታው ስደተኛ፣ መጻተኛ፣ እንግዳ እያለ ይለዋውጠዋል። እኛ በዚህ ተርጓሚዎቹን አንነቅፍም። አንድ ቃል ይዞ ሁሉን ቦታ የሚዘጋ ተርጓሚ ሰነፍ ነው የሚል እምነት አለን።

ከጊዜ በኋላ ግን ጌር በረቢዎች ዘንድ ሌላ ትርጉም ያዘ፤ ወደ አይሁድ እምነት የገባ ሰው ማለት ሆነ፣ የመግባቱም ሥርዓት «ጊዩር» ተባለ። ይህ የመዝገበ ቃላት ወሬ ብቻ አይደለም። ከአገራችን የወጡት ቤተ እስራኤል፣ ራሳቸው የማይወዱትና ከ«ፈለሰ» ጋር የሚያያዘው «ፈላሻ» የሚለው ስም የተለጠፈባቸው ሰዎች፣ እኛ ባለንበት በምሥራቅ ሱዳን በኩል አልፈዋል። በ1977 ዓ.ም. ከዚህ በአውሮፕላን ተወስደው እስራኤል ከመግባታቸው በፊት በመንገድና በየካምፑ ወደ 4,000 የሚሆኑ እንደሞቱ ይነገራል። የተረፉት እዚያ ሲደርሱ የአገሩ ዋና የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ለጋብቻ ሲቀርቡ በውሃ የመጥለቅ ሥርዓት እንዲፈጽሙ ጠየቃቸው፤ እንደ ጌር ማለት ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. መስከረምና ጥቅምት ወራት ኢየሩሳሌም ውስጥ ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው አንድ ወር ያህል ተቃወሙ። አገር ቤት ፈላሲ፣ እዚያ ደግሞ ጌር መባል፤ በሁለቱም በኩል ስሙ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

አሁን ወደ ነፍስ እንምጣ። አማርኛውም ዕብራይስጡም እዚህ ላይ አንድ ቃል ነው የሚሉት፤ ዕብራይስጡ «ኔፌሽ» ይለዋል። እኛ ነፍስ ስንል ስንሞት ከሥጋ ተለይታ የምትሄደውን እናስባለን። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው እንግሊዝኛ ልብ ብሎ ተረጐመው፤ ኋላ የመጡት ስሜት ያሉበትም አለ። መዝገበ ቃላቱ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰጠው ትርጉም ጉሮሮ ነው። በትንቢተ ኢሳይያስ 5፥14 ሲኦል ሕዝቡን ለመዋጥ የምትከፍተው ኔፌሽዋን ነው፤ የምትከፍተው ጉሮሮ እንጂ መንፈስ አይደለም። በአካድ ቋንቋም የዚህ ቃል ዘመድ ጉሮሮም ሕይወትም ማለት ነው። አየር የሚገባበት፣ ውሃ የሚወርድበት፣ ሲታነቅ የሚዘጋው ያ ቦታ። አማርኛችንም ጨርሶ አልረሳውም፤ ነፋስ፣ ተነፈሰ፣ ትንፋሽ እንል የለም?

እንግዲህ ሕጉ ታውቁታላችሁ የሚላቸው የባዕዱን ጉሮሮ ነው። ሲደርቅ እንዴት እንደሆነ። ስሙን ሲጠሩት እሺ ለማለት ድምፅ እንደማይወጣው።

አትበድል የተባለበትንም ግስ አየነው። «ላሐጽ» ይላል፤ መጫን፣ ማጣበቅ፣ መጭመቅ ነው። ይኸው ግስ በዘኍልቍ 22፥25 ላይ የበለዓም አህያ መልአኩን ፈርታ የጌታዋን እግር ከግድግዳ ጋር ስታጣብቅ ይገኛል። በዘፀአት 3፥9 ደግሞ ግብፃውያን በእስራኤል ላይ ያደረጉት በዚሁ ቃል ይጠራል። አማርኛው ግፍ ሲል ዳኛና ችሎት ይታየናል፤ ግፍ ግን ከ«ገፋ» ጋር ዘመድ ነው፤ ድሃ ገፋ ስንል እናውቀዋለን። ነገሩ መጀመሪያ የትከሻ ነገር ነው።

የሰዋስው መምህር የነበረ ሰው ሌላም ነገር አያመልጠውም። በዕብራይስጡ ትእዛዙ ለነጠላ ነው፤ አንተ አትጫን ይላል። ዕውቀቱ ግን ለብዙ ነው፤ እናንተ ታውቃላችሁ ይላል። ግሪኩ ሁለቱንም በብዙ አድርጎ አስተካከለው። ማስተካከሉ ለጆሮ ደስ ይላል፤ ነገር ግን አንድ ነገር ጠፋበት። በአንድነት የምናስታውሰው መከራ አለን፤ ለዚህ ሁላችንም ምስክሮች ነን። ትከሻ ግን የእያንዳንዱ ነው። ሰልፍ ላይ ሲገፋ «ብሎኩ ነው የገፋው» ማለት አይቻልም።

ሰልፍ ካልን አይቀር እዚህ ላይ ወደ ቦኖው እንሂድ።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ከካርቱምና ከሌላም ቦታ የሸሹ ሰዎች ወደዚህ አካባቢ መምጣታቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኛ ብሎክ አጠገብ ላስቲክ ወጥረው ከሰፈሩት ውስጥ እዚያ ይኖሩ የነበሩ ያገራችን ልጆችም አሉ፣ የዚሁ አገር ዜጎችም አሉ። ቦኖው የሚከፈተው ጧትና ማታ ለጥቂት ሰዓት ነው። ጀሪካኑ በዛ፣ ጠብ ተነሣ። የብሎኩም ኮሚቴ ተሰብስቦ ነባር ነዋሪ አስቀድሞ እንዲቀዳ፣ አዲስ መጥ ከዚያ በኋላ እንዲሰለፍ ወሰነ። ማስታወቂያውን የጻፍነው እኛው ነን። አገር ቤት በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የለመድነው የእጅ ጽሑፍ ጥሩ ይነበባል ስለሚባል ኮሚቴው ጽሕፈት ሲኖረው ወደኛ ይልካል። ይህን መጽሔት የምታነቡበት ፊደልና የቦኖው ማስታወቂያ ፊደል አንድ እጅ የጣለው ነው። በአማርኛም በዐረብኛም አሳምረን ጻፍነው፤ ከሥሩ እንኳ አሰመርንበት።

አንድ ቀን ጧት አንዲት ሱዳናዊት እናት ልጅ አዝላ ሁለት ጀሪካን ይዛ ቆመች። ነባሩ እየመጣ ይቀድማታል። ተራዋ ሲደርስ ውሃው ቆመ። እኛ እዚያው ነበርን፤ ጀሪካናችን ሞልቷል። ሴትዮዋ ጮኻ አልተናገረችም። ማስታወቂያውን አነበበችና ወደኛ ዞራ፣ «እናንተስ ከየት ነው የመጣችሁት?» አለችን፤ ባዶዎቹን ይዛ ሄደች።

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረንም፤ ዛሬም የለንም። የሚገርመው፣ በ11ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ አገር የኖረው ራሺ የሚባለው ሊቅ ስለ ጌር የተነገረውን ሌላውን ሕግ፣ ዘፀአት 22 ላይ ያለውን፣ ሲያብራራ ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ባዕዱን በባዕድነቱ ብትነቅፈው እሱም መልሶ አንተም ከባዕዳን ነህ ሊልህ ይችላል፣ በራስህ ያለውን ጉድለት በሌላው ላይ አታውጣ ይላል። ያነበብነው ከሴትዮዋ በኋላ ባይሆን ኖሮ እንዴት ያለ ጥሩ ትርጓሜ ነው ብለን እናልፈው ነበር።

የክበባችን ክርክር የሞቀው ከዚህ በኋላ ነው። ከአንዱም ወገን ያልሆነው ወንድማችን፣ «የሕጉ መነሻ ስሕተት ነው» አለ። «መከራ ያየ ሰው ይራራል ብሎ ይጀምራል። መከራ ያየ ሰው የሚማረው መግፋት ነው። የተገፋ ሰው የመግፋትን ጥበብ ከማንም ይበልጥ ያውቃል፤ የቦኖውን ሰልፍ አይታችሁ ፍረዱ።» የኔታ በዚህ አልተስማሙም፤ መጽሐፉ መከራ ሰውን ያለዝባል የሚል ቃል አልተናገረም አሉ። ታውቃላችሁ ብቻ ነው ያለው። ሰው እያወቀ እንደሚያጠፋ ባያውቅ ኖሮ ትእዛዙን መጨመር ለምን አስፈለገው? በትእዛዙና በዕውቀቱ መካከል ያለው ክፍተት ለሰሚው የተተወ ነው አሉ።

እኛ ወደ የኔታ እናደላለን፤ አንዱ ምክንያታችን የመምህርነት ነው። በታልሙድ ውስጥ ኦሪት ስለ ጌር 36 ጊዜ፣ ሌሎች እንደሚሉት 46 ጊዜ፣ እንዳስጠነቀቀች ተቆጥሯል። አስተምሮ የሚያውቅ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ፈገግ ይላል። በክፍል ውስጥ 36 ጊዜ የሚደገም ደንብ ተማሪው የማያውቀው ደንብ አይደለም፤ የሚያውቀውና የማያደርገው ነው። ስለ ፈርዖንም የተጻፈውን እናስተውል፤ በዘፀአት 1፥8 ጭቆናው የሚጀምረው ዮሴፍን ያላወቀ ንጉሥ በመነሣቱ ነው፤ ቃሉም ያው የማወቅ ቃል ነው። እሱ ባለማወቁ አመካኝቶ ሊያመልጥ ይሞክር ይሆናል። ለኛ ግን ይህ በር አልተከፈተልንም።

ሌላም ቁጥር አለ፤ ስናገኘው ሁላችንም ዝም ያልንበት። በዘዳግም 23 እስራኤል ግብፃዊውን እንዳይጸየፍ ታዟል፤ ምክንያቱም በአገሩ ጌር ነበረ። አስቡት፤ የጡቡ ጭቃ፣ ወንዝ የተጣሉት ሕፃናት ሁሉ እያሉ፣ ሕጉ ከዚያ በፊት የነበረውን ያነሣል። በራብ ዘመን መጥታችሁ የጌሤምን ምድር ያስቀመጣችሁ ሕዝብ ነው፤ ውለታው አልተፋቀም ይላል ማለት ነው። እኛም እዚህ ስንደርስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የበላነው የማሽላ ቂጣ ከማን እጅ እንደመጣ እናስታውሳለን። ከዕርዳታ ድርጅት አልነበረም፤ መኪናው ገና አልደረሰም ነበር። የመንደሩ ሴቶች በትሪ ተሸክመው ነው ያመጡልን። ያች ሴት ከካርቱም ትሁን እንጂ የነሱ አገር ሰው ናት። በአገሯ ላይ ጌር ሆና የቆመችው በኛ፣ በጌሮቹ፣ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ነው።

ኮሚቴውን ለመውቀስ ብቻ አልጻፍንም። ኮሚቴው የሚለው እውነት አለው፤ ማስታወቂያው ቢነቀል ውሃው አይበዛም፣ የነባሩም ልጅ ይጠማል። የኛ አሳብ ግን፣ ተራ የሚያዘው ወደ አገር በመጡበት ዓመት ሳይሆን ወደ ሰልፍ በመጡበት ሰዓት ይሁን የሚል ነው። ውሃው ሲያንስ ከያንዳንዱ ቤት አንድ ጀሪካን ይቀነስ። ይህን ስናቀርብ አንድ የኮሚቴ አባል፣ «መጽሐፍ ቅዱስ አምጥታችሁ ቦኖ ልታስተዳድሩ ነው?» ብሎ ሳቀብን። ልክ ነው፤ የመጣንበት መንገድ ያስቃል።

በነገራችን ላይ፣ ከቁጥር 9 ሦስት ቁጥር ዝቅ ብላችሁ 12ኛውን አንብቡ። ስለ ሰንበት ነው። በሬውና አህያው እንዲያርፉ፣ የአገልጋይቱ ልጅና ጌሩም የሆነ ነገር እንዲያገኙ ይላል። ያ የሆነ ነገር በዕብራይስጡ «ዪናፌሽ» ነው፤ ከኔፌሽ የወጣ ግስ ነው። እንዲተነፍስ ማለት ነው። ጓደኛችን መዝገበ ቃላቱን ዘግቶ «እፎይ እንዲል ብለን እንተርጉመው» አለ፤ ከተርጓሚዎቹ ሁሉ የሱን ወደድነው።

ማስታወቂያው ይህ እስከ ተጻፈበት ቀን ድረስ በቦኖው ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። ዝናብ አንድ ጎኑን አደብዝዞታል፤ የዐረብኛው ወገን ግን ይነበባል። ሌላ ጽፈን ለኮሚቴው ሰጥተናል፤ ገና አልፈረሙበትም፤ ስብሰባው ቅዳሜ ነው፣ መምጣት የምትችሉ ኑ። ያች እናት የወጠረችው ላስቲክ ከኛ ቤት ሦስተኛው ላይ ነው። ማታ ማታ ጭሷ በኛ በር ይገባል። ስሟን ገና አልጠየቅናትም።